ገናን ፍለጋ ወደ ዶርዜ

የአጎቴ ልጅ የምትኖረው ጀርመን አገር፣ ድሬስደን ነው። ከተማዋ ከገና በፊት የሚቆም ገበያ አላት፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1434 ጀምሮ የነበረ ነው። ታኅሣሥ ላይ አርባ ምንጭ ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ ከማን አንሼ ብዬ፣ «የኛን የገና ገበያና ሙዚየም በአንድ ቀን አሳይሻለሁ» አልኳት። ከከተማዬ በላይ፣ ጋሞ ደጋ ላይ ያሉትን ዶርዜንና ጨንቻን ማለቴ ነበር። የአገሩ ሰው ነኝ ብዬ ስኩራራ የተማርኩት ይህን ይመስላል።

1. የአርባ ምንጭ ልብስ ለጨንቻ አይሆንም።
አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በካርታ ቅርብ ናቸው፤ ቆዳ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ከሶዶ መንገድ ወደ ግራ ታጥፈን፣ ዓባያን ከበታች እየተውን ዳገቱን ስንያያዝ መስኮቱን ከፍቼ ነበር። እላይ ስንደርስ የበረዶ አገር ነዋሪዋ ጃኬቷን ዘጋች፤ አስጎብኚው በቲሸርት ተንቀጠቀጠ።

2. የገበያውን ቀን አጣርታችሁ ውጡ።
የዶርዜ፣ ማለትም የሐይዞ ገበያ፣ ሰኞና ሐሙስ ነው፤ የጨንቻው ማክሰኞና ቅዳሜ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ግን ይህን ሳያውቅ ወጥቶ ባዶ ሜዳ ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው።

3. የጋሞ ደጋ ትልቁ በዓል ገና አይደለም።
ገበያው ሞልቶ ነበር፦ በግ፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ የቀርከሃ ዕቃ፣ ጥጥና ፈትል። እኔ ግን የዓመቱን ታላቅ ገበያ አያለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ቅቤ የሚሸጡ እናት «ለገና ነው ይሄ ሁሉ?» ስላቸው ሳቁ። «ገበያ ማየት ከፈለጋችሁማ ለመስቀል ኑ፣ ልጄ» አሉኝ። እዚህ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥበው ለመስቀል ነው፤ ለእርድ የሚሆነው ከብት በማኅበር የሚገዛው፣ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ ሲሸምን የከረመውም ወደ ቤቱ የሚወጣው ያኔ ነው። እኔ ገናንና ፋሲካን ከፊት አስቀድሜ ስላደግሁ፣ የበዓላት ማዕረግ በየአገሩ ያው ይመስለኝ ነበር። ለእንግዳዬ የድሬስደንን አምሳያ ስፈልግ፣ ፊት ለፊቴ ያለውን ገበያ በሌላ ሰው በዓል ስመዝነው ነበር የዋልኩት።

4. ሙዚየም ያልኩት ቤት ባለቤት አለው።
የዶርዜ ቤት በቀርከሃ ተጎንጉኖ በእንሰት ቅጠል የሚሸፈን ነው፤ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። መግቢያው ወደፊት ወጣ ስለሚል ከሩቅ የዝሆን ፊት ይመስላል። ፎቶ ላንሳ ብዬ ከበሩ ፊት ስቆም የቤቱ ባለቤት፣ አንድ አዛውንት፣ «መጀመሪያ ደህና ዋላችሁ አይባልም?» አሉኝ። ደንግጬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ስንት ዓመቱ እንደሆነ ስጠይቅ በቁጥር አልመለሱልኝም፤ ወደ በሩ አሳዩኝ። እሳቸው ወጣት ሳሉ ቀጥ ብለው የሚገቡበት በር ነበር፤ አሁን እኔ ጎንበስ ብዬ ነው የገባሁት። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ይጥሉታል፤ ቤቱ በዚያው ልክ ያጥራል። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ሰው ተሰባስቦ እንዳለ አንሥቶ ይወስደዋል። ውስጡ ምድጃው ይጨሳል፣ ከብቶቹ በአንድ በኩል ተከልለው ያመሰኳሉ፤ ሙቀታቸው ከእኔ ቲሸርት የተሻለ ነበር። መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ዕድሜው ከሥሩ በወረቀት ይጻፋል። እዚህ ዕድሜውን የነገረኝ ወገቤ ነው።

5. ጋቢ ስትገዙ ከዋጋው በፊት ማጉን ጠይቁ።
እዚያ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መርገጫውን እያፈራረቀ መወርወሪያውን ይወረውራል። እኔ ለእንግዳዬ ክርክር እንደምችል ላሳያት ፈልጌ ዋጋ ላይ ተጣበቅሁ፤ የመረጥኩትም ነጣ ያለውንና ለስላሳውን ነበር። ሸማኔው አልተከራከረኝም። እሱን አንድ እጇ ላይ፣ ሌላ ጋቢ ሌላው እጇ ላይ አደረገና ዓይኗን እንድትጨፍን ነገራት። «ይሄኛው» አለች፣ እኔ የናቅሁትን ጨብጣ። የሁለቱም ድር የፋብሪካ ክር ነው፤ የእሷ ምርጫ ማግ ግን የእጅ ፈትል ነበር፤ ወፈር ሳሳ ይላል፣ ሙቀትም ይይዛል። የእኔው ድሩም ማጉም ፋብሪካ ነበር። አራት ድርብ ለሆነ ልብስ የፈትሉን ጊዜ ጨምራችሁ ካሰባችሁት፣ የተጠራው ዋጋ ውድ አይደለም። የተጠየቅሁትን ከፈልኩ።

6. ቆጮ የክትፎ አጃቢ ብቻ አይደለም።
ዓሣ እየበላሁ በኖርኩባት ከተማ፣ ከራሴ በላይ ያለው ደጋ በእንሰት እንደሚኖር ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ተክሉ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ይብላላል፣ ከዚያ በስሱ ተጋግሮ ትኩሱን በማርና በዳጣ ይቀርባል። ዳጣውን በጣት ጫፍ ጀምሩ። የአጎቴ ልጅ ሁለተኛ ቂጣ ስትጠይቅ እኔ ውኃ እየለመንኩ ነበር።