የራኬት መወጠሪያዋ መኪና

በቤቴ ሳሎን፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሊቆምበት ይገባ በነበረው ጥግ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች አንዲት የብረት መኪና አለች። እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የስፌት መኪና ትመስለዋለች፤ ቀረብ ብሎ መርፌዋን ሲያጣ ደግሞ የሥጋ መፍጫ ናት ብሎ ይገምታል። የሜዳ ቴኒስ ራኬት ክር መወጠሪያ መሆኗን ስነግረው «አንተና እሷ ምን አገናኛችሁ?» የሚል ጥያቄ ከፊቱ ላይ አነባለሁ። ጥያቄው አግባብ አለው። ሙያዬ የሒሳብ መምህርነት ነው፤ በቴኒስ ጨዋታም ቢሆን ከመካከለኛ በታች እንጂ በላይ አልቆጠርም።

እውነቱን ለመናገር መኪናዋን የገዛኋት በንዴት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ክሩ የተበጠሰ ራኬቴን ለአንድ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ ሰጥቼ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስመላለስ ከቆየሁ በኋላ ተቀበልኩ። በስንት ኪሎ እንደተወጠረ ብጠይቀው «በደንብ ተወጥሯል» አለኝ። ለሒሳብ መምህር «በደንብ» የሚባል ልኬት የለም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያጠራቀምኳትን ገንዘብ ለውጭ አገር ነዋሪው ያክስቴ ልጅ ሰጠሁት፤ እርሱም መኪናዋን ፈታትቶ በሻንጣው አመጣልኝ።

መኪናዋ ኤሌክትሪክ አትሻም። ራኬቱ በጀርባው ተኝቶ በስድስት ጥርሶች ይታሰራል፤ ከጎኑ ቁጥር የተጻፈበት የብረት ክንድ፣ በክንዱም ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ክብደት አለ። የክሩን ጫፍ ለመንጋጋዋ አስነክሶ ክንዱን ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው። ክንዱ ወርዶ ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ሲሆን ክሩ የታሰበለትን ያህል ተስቧል ማለት ነው። እኔ ብዙውን ጊዜ ክብደቱን 24 ኪሎ ላይ አቆመዋለሁ። ከዚያም የተሳበው ክር ወደ ኋላ እንዳይመለስ በመቆንጠጫ ይያዝና ተከታዩ ይሳባል። የእኔ ራኬት 16 ቋሚና 19 አግዳሚ ክሮች አሉት። ሸማኔ ቢያያቸው ድርና ማግ ይላቸዋል፤ እኔም ከዚያ የተሻለ ስም አላገኘሁላቸውም። ድሩ ከመሐል ተጀምሮ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እየተባለ ይዘረጋል፤ አንዱን ወገን ብቻ ወጥሮ ለመጨረስ የሚቸኩል ሰው ክፈፉን ያጣምመዋል፣ ሊሰብረውም ይችላል። ማጉ ደግሞ አንዱን ድር ከላይ ቀጣዩን ከታች እያለፈ ይሸመናል። ለአንድ ራኬት 12 ሜትር ያህል ክር ይበላል። የመጀመሪያውን ራኬት ለመጨረስ አምስት ሰዓት ፈጅቶብኝ የጣቶቼ ጫፍ ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰዓት ይበቃኛል።

እናቴ ነገሩን አልወደደችውም። «ተምሮ ተምሮ ክር ወጣሪ ሆነ» ብላ ለጎረቤት ማማረሯን ሰምቻለሁ። አልፈርድባትም። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ አልፊውን «ፋቂ» እያለ፣ የሸመነውን ለብሶ ባለፋው ቆዳ ላይ የሚተኛ ኅብረተሰብ ያሳደገን ሰዎች ነን። እኔም ብሆን በመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎቼ ቤቴ ሲመጡ መኪናዋን በጨርቅ እሸፍናት እንደነበር መደበቅ አይገባኝም።

ጨርቁን ያነሣልኝ በገና ነው። ያባቴ ታላቅ ወንድም በገና ደርዳሪ ነበሩ። በዐቢይ ጾም ማታ ማታ፣ ከመደርደራቸው በፊት፣ ዐሥሩን አውታር አንድ በአንድ ሲቃኙ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። አውታሮቹ ከበግ አንጀት የተፈተሉ ስለሆኑ የአየሩ እርጥበት ይለዋውጣቸዋል፤ ስለዚህ ትናንት የተቃኘው ዛሬ እንደገና ይቃኛል። ለእኔ ልክ የመሰለኝን አውታር እርሳቸው «ገና ነው» ብለው መቃኛውን ከቀንበሩ ላይ በጥቂቱ ሲያዞሩት አስታውሳለሁ። የቴኒስ ክርም የዚሁ ዘመድ መሆኑን ያወቅሁት መኪናዋ ከመጣች በኋላ ነው። ብሪታንያዊው ሻለቃ ዊንግፊልድ የሣር ሜዳ ቴኒስን እ.ኤ.አ. በ1874 ባስመዘገበ በዓመቱ፣ በፈረንሳይ የሊዮን ከተማ ለሙዚቃ መሣሪያ የሚሆን የአንጀት ክር ይሠራ የነበረው የባቦላ ቤት ለራኬትም መሥራት ጀመረ። የአንጀት ክር ዛሬም ይሠራል፤ የሚሠራው ከከብት አንጀት ሲሆን ዋጋው አይቀመስም። ብራዚላዊው ጉስታቮ ኩርተን እ.ኤ.አ. በ1997 የፈረንሳይን ታላቅ ውድድር በፖሊስተር ክር ካሸነፈ ወዲህ ደግሞ ብዙው ተጫዋች ወደ ፖሊስተር አዘንብሏል። እኔም የምጠቀመው እርሱን፣ በ200 ሜትር ጥቅል የሚሸጠውን ነው።

ይህን ሁሉ ያወጋሁት ወደ አንድ ነገር ለመድረስ ነው።

በምጫወትበት ሜዳ ኳስ እያቀበለ የሚያድግ፣ ዕድሜው ከዐሥራ ሦስት የማይበልጥ ልጅ አለ። አንድ ሰው ትቶለት የሄደውን አሮጌ ራኬት ይዞ፣ ባለገንዘቦቹ ሜዳውን ሲለቁ ከግድግዳ ጋር ይጫወታል። የእርሱን ራኬት በነፃ እወጥርለታለሁ። ባለፈው ጥር ወር ወጥሬ ስሰጠው ራኬቱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ክሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ጋሼ፣ ከባለፈው ድምፁ ወርዷል» አለኝ።

«24 ኪሎ ነው» አልኩት። «መኪናዋ አትዋሽም።»

«እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ።

ነገሩ አላስተኛኝም። ራኬቱ ያው ራኬት፣ ክሩም ከዚያው ጥቅል የተቆረጠ ነው፤ ታዲያ ድምፁ ሊወርድ የሚችለው ውጥረቱ ሲቀንስ ብቻ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ፤ ውጥረቱ 10 በመቶ ቢቀንስ የድምፁ ርግብግቢት የሚወርደው 5 በመቶ ያህል ነው። ይህም በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቅርብ ጎረቤቱ የመሻገር ያህል እንኳ አይሞላም። ያን ያህል ልዩነት ያውም ካለፈው ወር ጋር አስተያይቶ የሚለይ ጆሮ ያየሁት አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ እርሳቸውም «ገና ነው» ይሉ የነበሩት አጎቴ ናቸው።

ሲነጋ መኪናዋን በአጉሊ መነጽር መረመርኳት። ክንዱ ደኅና ነበር፣ ክብደቱም ደኅና ነበር። መቆንጠጫው ግን በጥርሱ መካከል ከክር የተፋቀ ነጭ ዱቄት ሞልቶበታል። ክንዱ ትይዩ ሆኖ ክሩን በሚገባ ይስበዋል፤ መንጋጋዋ ስትለቀው ግን መቆንጠጫው አጥብቆ ስለማይዘው ክሩ የፀጉር ውፍረት ያህል ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ይህ በአንድ ራኬት 35 ጊዜ ይደገማል። መኪናዋ አልዋሸችም፤ እኔ ስስብ እንጂ ስይዝ አላየሁም ነበር። መቆንጠጫውን በአልኮል አጥቤ ብሎኑን ለማጥበቅ የወሰደብኝ ዐሥር ደቂቃ ነው።

ከባዱ ሥራ ደብተሩ ነበር። የማንን ራኬት መቼ በስንት ኪሎ እንደወጠርኩ እመዘግባለሁ። ጥፋቱ መቼ እንደጀመረ በትክክል ለማወቅ ስለማይቻል ቆጠራውን መቆንጠጫውን ካጸዳሁበት ካለፈው ቀን ጀመርኩ፤ ዐሥራ አንድ ራኬት ሆነ። አንዳቸውም ባለቤት አልከሰሰኝም። ዝም ብል የሚያውቅ አልነበረም፤ ተወጥሮ ያለቀ ራኬት ለዐይን ሁሉም አንድ ነውና። እኔም ለሁለት ቀን ያህል ዝም ብዬ ነበር። ዝም ያልኩበትን ምክንያት ስመረምረው ገንዘቡ ሳይሆን «አትዋሽም» ያልኩት ቃል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለሁሉም ነገርኳቸው። 132 ሜትር ክር ከኪሴ ገዝቼ እንደገና ወጠርኩ። አብዛኞቹ ልዩነቱን አላስተዋሉም፤ አንድ የመንግሥት ኃላፊ እንዲያውም «ከዚያ ወዲህ ኳሴ በርትቶ ነበር፣ ተወው» ብሎ ከለከለኝ። ተሳስቷል ለማለት አይቻልም፤ የላላ ክር ኳስን አርቆ ይሰዳል፤ የሚነፍገው አቅጣጫውን ነው። አንዱ ደግሞ ገንዘቡን ተቀብሎኝ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ልጁን ሜዳው ላይ፣ ጓደኞቹ ባሉበት አገኘሁትና «እውነትህን ነበር፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኩት። ትንሽ አፈረ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤

«ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው የሚለቀው?»

ቤት ወስጄ አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ እናቴም ሻይ ታፈላለታለች። ድሩን እኔ እዘረጋለሁ፣ ማጉን እርሱ ይሸምናል፤ ጣቶቹ ከእኔ ይፈጥናሉ። በደብተሬም ላይ ከኪሎው ቀጥሎ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ ራኬቱ ሲያልቅ ክሩን ነካ አድርጎ፣ አዳምጦ፣ በራሱ እጅ ምልክት ያደርግበታል።

ባለፈው ቅዳሜ በአንዱ ራኬት አንጻር ዓምዱን ባዶ ተወው። ክንዱ እስከ መጨረሻው ክር ድረስ ፍጹም ትይዩ ነበር፤ መቆንጠጫውም ንጹሕ ነበር። ክሩን ቆርጠን እንደገና ጀመርን።