በርቀት ለሚማር ሰው ረዳቱ ማን ነው?

የርቀት ትምህርት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው፣ አንድ ተማሪ መጽሐፉን ታቅፎ በገዛ ብርታቱ ብቻ ዕውቀትን ሲሸምት ነው። እኔ ግን ዘጠነኛንና ዐሥረኛን ክፍል በርቀት ተምሬ ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጣሁ ስለ ሆነ፣ ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ለመመስከር እችላለሁ። በርቀት የሚማር ሰው ከመምህሩ ይርቃል እንጂ ከሰው መራቅ አይገባውም።

ክቡራን አንባብያን! በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ሁላችንም የርቀት ተማሪዎች ሆነን እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። ሬዲዮ ግን «አልገባኝም» ቢሉት አይሰማም። የርቀት ተማሪ ችግር ሁሉ በዚህች በአንዲት ቃል ይጠቃለላል።

ይህን ችግር የቀደሙትም ያውቁት ነበር። እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1840 አጭር ጽሕፈትን በፖስታ ማስተማር ሲጀምር፣ ትምህርቱን ልኮ ዝም አላለም። ተማሪዎቹ መልመጃቸውን ይልኩለት ነበር፤ እርሱም እያረመ ይመልስላቸው ነበር። እንግዲህ የርቀት ትምህርት ከመነሻው መላክ ብቻ ሳይሆን መመላለስ ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ስምንተኛን ክፍል እንደ ጨረስሁ አባቴ ስላረፈ፣ እናቴን በእንጀራ ሥራዋ ማገዝ ግዴታዬ ሆነ። ሌሊት ምጣድ እጥዳለሁ፤ ቀን እንጀራውን ለየደንበኛው አደርሳለሁ፤ ለትምህርት የምትተርፈኝ ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ያለችው ጊዜ ብቻ ነበረች። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ በክፍል የሚማሩ ልጆች መምህር በአማርኛ ጨምሮ የሚያብራራላቸውን ለእኔ የሚያብራራልኝ አልነበረም። አስጠኚያችን የሚመጡት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሲሆን፣ ከተማሪው ብዛት የተነሣ ለአንድ ሰው ከሁለት ጥያቄ በላይ አይደርሰውም። መመዝገቢያው ከእንጀራው ሽያጭ በብዙ ጭንቅ የተቈጠበ ስለ ነበር፣ ብወድቅ ሁለተኛ የምመዘገብበት ገንዘብ አልነበረም።

ስለዚህ ጥያቄዬን እየለየሁ በደብተር መጻፍ ጀመርሁ። ቃሉ ያልገባኝ እንደ ሆነ ወደ መዝገበ ቃላት፣ መንገዱ ያልገባኝ እንደ ሆነ ወደ አስጠኚው፣ ገብቶኝ እጄ ያልፈታ እንደ ሆነ ወደ ጓደኞቼ እሄዳለሁ። «ምዕራፉ አልገባኝም» ለሚል ሰው መልስ መስጠት ያስቸግራል፤ «ከሦስተኛው መስመር ወደ አራተኛው እንዴት ተሻገረ?» ለሚል ግን በሁለት ደቂቃ ይመለስለታል።

አንድ ጊዜ «ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 6 ኤክስ 16 ይሆናል» የሚል ሒሳብ ገጠመኝ። መጽሐፉ በሁለቱም ወገን 9 ጨምሩ ይላል። ዘጠኙ ከየት መጣ? አስጠኚው በሥዕል ማሳየት ጀመሩ፤ ነገር ግን ሰዓቱ አለቀ። ሥዕሉን ይዤ እንጀራ ወደማደርስላቸው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ሄጄ ቍርጥራጭ ጨርቅ ለመንሁ። ጋሼ አልጀብራ አልተማሩም። ነገር ግን አራት ጎኑ እኩል በሆነው ጨርቅ በሁለት ወገን ሦስት ሦስት ጣት የሚሰፋ ጥብጣብ ስገጥም አይተው፣ «ልጄ፣ ጥጉ ጎደለሽ እኮ! ሦስት በሦስት የሆነ ቍራጭ ካላገባሽበት አይሞላም» አሉኝ። ሦስት በሦስት ዘጠኝ! መላው ጨርቅ 25 ሆነ፤ ጎኑ 5፣ ኤክስም 2። ያን ቀን ሒሳብን በዓይኔ አየሁት።

ደግሞም አራት የርቀት ተማሪዎች ሆነን እሑድ ከሰዓት በኋላ እንገናኝ ነበር። አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ አንዱ የጥበቃ ሠራተኛ፣ አንዲቱ የሁለት ልጆች እናት፣ አራተኛይቱ እኔ። እያንዳንዳችን አንዳንድ ትምህርት ተካፍለን አጥንተን ለሌሎቹ እናስረዳለን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እውነት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የረዳችኝ ግን ፊደል ያልቈጠረችው እናቴ ናት። ማታ ማታ ያጠናሁትን በአማርኛ ስነግራት፣ ሊጥ እያቦካች «ምን ማለት ነው እርሱ?» ትለኛለች። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንደሚያበጅ በነገርኋት ጊዜ፣ «ታዲያ ጤፉ በክረምት ደመና ምን ይበላል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጥቼ መጽሐፉን እንደ ገና ገለጥሁ፤ ብርሃን ቢቀንስም በደመና ውስጥ አልፎ ወደ ቅጠሉ እንደሚደርስ ተረዳሁና ነገርኋት። ለእናቴ ያስረዳሁትን ነገር በፈተና ላይ አልረሳሁትም። እነሆ፣ ዛሬ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! በከተማችን ዛሬም ሥራና ችግር አስሮአቸው በርቀት የሚማሩ አሉ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ ለሚናገር ግን ሰሚ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቤተ መጻሕፍታችን በር ለእነዚህ ተማሪዎች እንዲከፈትላቸው መምህራኖቻችንን በትሕትና እለምናለሁ። ከእኛም ሁለት ሁለት ተማሪዎች በየተራ ተቀምጠን ጥያቄያቸውን እንስማ። ወላጆችም፣ ያልተማራችሁ እንኳ ብትሆኑ፣ ማታ ልጃችሁን «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለመጀመሪያው ቅዳሜ ስሜን የማስመዘግብ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛውስ ማን ይሆን?