ወርቃማው እንጆሪ

ሎስ አንጀለስ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ሊትል ኢትዮጵያ በሚሉት ሰፈር፣ ሽሮ እየበላን የአክስቴ ልጅ እታለም «እዚህ አገር ለመጥፎ ፊልም ሽልማት ይሰጣል» አለችኝ። የጠቀለልኩት እንጀራ እጄ ላይ ቀረ።

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው ወንድምዬ! ያውም በኦስካር ዋዜማ።»

ራዚ ይሉታል፤ ወርቃማው እንጆሪ ማለት ነው። እንጆሪ! ከከተማችን ከሐሙሲት ተነስተን ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ፣ ደጋው ሲጀምር፣ ከአጥር ሥር እሾሁን ታግለን የምንለቅመው፣ ጣታችንን የሚያቀላው እንጆሪ! እዚህ ግን ምላስን በከንፈር መሃል አውጥቶ «ብርርር» ማለትም በዚያው ፍሬ ስም ይጠራል፤ የሽልማቱ ስም የመጣው ከዚህ ነው። እታለም ፎቶውን በስልኳ አሳየችኝ። የፊልም ጥቅል ላይ ጉብ ያለች፣ የጎልፍ ኳስ የምታህል፣ ወርቅማ ቀለም የተረጨባት ፍሬ። ዋጋዋ 4 ዶላር ከ97 ሳንቲም!

አጀማመሩን ስሰማ ጭራሽ ወደድኩት። ጆን ዊልሰን የሚባል የፊልም ማስታወቂያ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1980 ሁለት የሙዚቃ ፊልሞች በ99 ሳንቲም አከታትሎ ያይና አንጀቱ ያርራል። በዓመቱ፣ ማርች 31 ቀን 1981፣ በኦስካር ሌሊት ወዳጆቹን ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበ። ከካርቶን አትሮኖስ ሠራ፤ መጥረጊያ እንጨት ላይ ኳስ ሰክቶ ማይክራፎን አደረገው። እኛስ በልጅነታችን የበቆሎ አገዳ ይዘን እንዲሁ አልነበር የምንዘፍነው?

ራዚዎች ለተከታይ ክፍልና ተደግሞ ለተሠራ ፊልም ደግሞ ራሱን የቻለ ዘርፍ አላቸው። በ1999 ሦስት ፊልሞች እኩል ተሸልመውበታል፤ አንዱ የሂችኮክን የ1960 «ሳይኮ» ትዕይንቱን አንድ በአንድ የደገመው ነው። የተሸላሚዎቹን ዝርዝር ወደ ታች ስወርድ 1998 ላይ ዓይኔ ተተከለ። «ስፒድ 2»!

ይህንንማ አውቀዋለሁ! የሐሙሲት ገበያ ስሟ እንደሚለው ሐሙስ ነው። በዚያ ቀን ቪዲዮ ቤታችን ጢም ይላል፤ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዷል፣ አግዳሚው የባሕር ዛፍ ግንድ ነው፣ ጄኔሬተሩ ከጓሮ ይጮኻል። የመጀመሪያውን «ስፒድ» ትንፋሻችንን ውጠን ነበር ያየነው፤ አውቶቡሱ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በታች ከሄደ የተጠመደበት ቦምብ ይፈነዳል። ሁለተኛው መጣ ሲባል ሮጥን። አውቶቡሱ የለም፤ ኪያኑ ሪቭስም የለም። ያለው ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ትልቅ መርከብ ነው። አንድ ጋቢ የደረቡ ገበያተኛ ብድግ ብለው «የጣና ታንኳ ከዚህ ይፈጥናል!» አሉ። ቤቱ በፉጨት ተናጋ። ባለቤቱ ሳይቆጣ ካሴቱን አወጣና አውቶቡሱን ደግሞ ከፈተልን። ያን ቀን የነበረው ደስታ!

እታለም «ቆይ፣ ገና ነው» ብላ ቪዲዮ ከፈተችልኝ። ያቺው የ«ስፒድ» ተዋናይ ሳንድራ ቡሎክ ናት፤ ማርች 6 ቀን 2010፣ በሌላ ፊልም የዓመቱ መጥፎ ተዋናይት ተብላ። ቀርታ ሰው መላክ ትችል ነበር። ራሷ መጣች፤ በጋሪ ሙሉ የፊልሙን ዲቪዲ እየጎተተች! ለታዳሚው አደለችና እስቲ በደንብ አይታችሁ ፍረዱ አለቻቸው። በማግስቱ ማታ ኦስካር ተቀበለች። አዝማሪያችን ትዝ አለኝ። ፊት ለፊት በግጥም ሸንቆጥ ሲያደርግህ ከት ብለህ ስቀህ ብሩን ግንባሩ ላይ ትለጥፍለታለህ፤ ስድብ ተቀባዩ ራሱ ይሸልማል። ያን ወግ ሆሊውድ ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ረቡዕ ሌሊት ነው፤ ሐሙሲት ግን ሐሙስ ጠዋት ሆኗል። አብሮኝ ፊልሙን ላየው ጓደኛዬ ደወልኩ። የገበያው ጫጫታ፣ የአህያ ጩኸት፣ የደላላ ድምፅ ከስልኩ ይፈሳል። «ያ የመርከብ ፊልም እኮ የዓመቱ መጥፎ ተከታይ ክፍል ተብሎ ተሸልሟል!» አልኩት።

«እኛ በዚያው ቀን ፈርደንበት የለ እንዴ!» ብሎ ሳቀና ስልኩን አዙሮ ለጎኑ ሰው ይነግር ጀመር።