ለአባባ የተቀመጠው ስኳር

አባባ ጨጓራውን ኦፕራሲዮን የሆነው በ1977 ዓ.ም. ነው። ድርቁና ረሃቡ አገር ያስጨነቀበት ዓመት ነበር፤ እኛ ቤት ግን የወሬው ሁሉ መነሻና መድረሻ የአባባ ሆድ ነበር። ዛሬም የተልባ ሽታ ሲሸተኝ፣ ሌሊት ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ግድግዳ ተደግፎ የሚያቃስተው አባባ ይታየኛል። ተልባውም አብሹም አልያዘለትም። ቁስለቱ ደምቶ ሰገራው ሲጠቁር ሐኪሞቹ የጨጓራውን የታችኛውን ክፍል ቆርጠው አወጡና የቀረውን ከትንሹ አንጀት ጋር ገጠሙት።

ቤት ሲገባ እማማ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የምናገኛትን ስኳር ከእኛ ደብቃ ለእሱ አስቀምጣለታለች። ሻዩን ማር አስመስላ ታቀርብለትና «ጠጣልኝ በሞቴ፣ ደም ይሆንሃል» ትለዋለች። ይጠጣል። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡ ድው ድው ይላል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ከዚያ ወደ ጓሮ ሩጫ ነው። «የሰው ዓይን ነው» ያለች ጎረቤትም አልጠፋች።

ነገሩን የፈታልን ሰፈራችን የነበረ አንድ ድሬሰር ነው። ጨጓራ ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ የሚለቅበት በር አብሮ ተቆርጦ ስለወጣ፣ ጣፋጩ ሳይፈጭ አንጀት ውስጥ ይወርዳል፤ አንጀትም ከደም ውሃ እየሳበ ይነፋል። አንዳንዴ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በኋላ በደሙ ያለው ስኳር ያለ መጠን ይወርድና ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው ጥቂት ጥቂት ደጋግሞ መብላት፣ ከምግብ ጋር ውሃ አለመጠጣት፣ ጣፋጭ መተው፣ በልቶ ትንሽ ጋደም ማለት። ስኳሩ ለእኛ ለልጆቹ ተረፈ፤ ደስታችንን እንዴት ልደብቅህ ወዳጄ!

ግን እኛ አገር ጥቂት በልቶ መነሳት ቀላል ነው? ዘመድ ሠርግ ላይ አክስቴ ድልህ የጠገበ ጉርሻ ጠቅልላ «አፈር ስሆን!» ስትለው አፉን በመዳፉ ሸፈነ። እጇ አየር ላይ ቀረ፣ ወጡ በክንዷ ወረደ። ኮራብን ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከመሶቡ ራቅ ብሎ በትንሽ ሰሃን ለብቻው ይበላ ጀመር። ከበሽታው ሁሉ እኔን የቆጨኝ ይኼ ነው።

ዓመታት አልፈው፣ ዳነ ብለን ከረሳነው በኋላ፣ ፊቱ ገረጣ፣ ምላሱ ቀላ፤ ነጠላ ጫማው ከእግሩ ሲወልቅ አይታወቀውም፣ ባዶ እግሩን ይራመዳል። ቪታሚን ቢ 12 አልቆበት ኖሯል። ቪታሚኑን አጅቦ ለአንጀት የሚያደርሰውን ነገር የሚሠራው ጨጓራ ነው፤ ጉበት ያጠራቀመው እስኪያልቅ ድረስ ጉድለቱ አይታይም። ብረትም አንሶታል፤ አሲዱ ሲቀንስ፣ ምግቡም የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ ሲያልፍ፣ ጤፍ እየበሉም ደም ያንሳል። በየወሩ መርፌ ታዘዘለት።

በ1998 ዓ.ም. ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸውን ጋዜጣ አነበብኩለት። አብዛኛውን የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፣ በመድኃኒት ይጠፋል፤ ማርሻል አውስትራሊያ ውስጥ ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ የሞከረው በ1976 ነው አልኩት። አባባ በጣቱ ቆጠረ።

«እኔ ከመቀደዴ በፊት? ወሬው እኛ ቀበሌ ሳይደርስ ቀረ በለኛ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።