ማዶ የቀረችው መኪና

የድሮዋን ጂንካ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ሜዳውን ነው። በከተማዋ እምብርት የተዘረጋው ሣር አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ አውሮፕላን በሌለ ጊዜ ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናብ ሲበረታ ሜዳው ይጨቀይና የሚያርፍበት ይጠፋል። በመኪናም ያው ነው። ከኮንሶ የወይጦን ቆላ አቋርጦ የሚመጣው መንገድ ያኔ ጠጠርና ጭቃ ነበር። ቱርሚ አጠገብ ደግሞ ከስኬ አለ፤ በደረቅ ወራት አሸዋ ብቻ፣ ላይ ሲዘንብ ግን ደራሽ ውሃ። ያን ጊዜ ማዶ ያለ ማዶ፣ ወዲህ ያለ ወዲህ ይቀራል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለሥራ እመላለስ በነበረበት ዘመን፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የጂንካ አልቤርጎዎች መንገድ በያዛቸው ሰዎች ይሞሉ ነበር። የአይሱዙ ሹፌሮች፣ የከብት ነጋዴዎች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ አንዳንዴም ግራ የገባቸው ቱሪስቶች። ከነዚህ ዝናቦች በአንዱ በእጄ የነበረው መጽሐፍ የስቲቨን ኪንግ «ዘ ሻይኒንግ» ነው። ኪንግ በ1974 እ.ኤ.አ. ከባለቤቱ ጋር በኮሎራዶ ተራሮች ስታንሊ ሆቴል አድሮ ነበር። ሆቴሉ ለበረዶው ወራት ሊዘጋ ስለተቃረበ ከሁለቱ በቀር እንግዳ አልነበረም። ከዚያች ሌሊት የተፀነሰው ልብ ወለድ በ1977 እ.ኤ.አ. ታተመ። የሆቴል ጠባቂው ጃክ ቶራንስ ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር በረዶ ዘግቶበት ይከርማል፤ ቀስ በቀስም አእምሮውን ይስትና በገዛ ቤተሰቡ ላይ ይነሳል።

ቆርቆሮው በዝናብ እየተደበደበ ሳነበው ፈርቻለሁ። ሆኖም የኪንግ ፍርሃት ከባዶነት የሚመጣ ነው፤ ባዶ ኮሪደር፣ ባዶ ክፍል፣ ሰው ያጣ ግብዣ አዳራሽ። የእኛ አልቤርጎ ግን ዝናብ በበረታ ቁጥር ይሞላል። አልጋ ሲያልቅ ፍራሽ በረንዳ ላይ ይነጠፋል። ማታ የአልቤርጎውን ባለቤት «እትዬ፣ ሞተሩን ትንሽ ያቆዩልን» ብለን እንለምናለን፤ ነዳጅ መቆጠብ ነበረባቸውና ጄኔሬተሩ ይጠፋል፣ ፋኖስ ይመጣል። ከዚያ ወሬው ይጀመራል። በወይጦ ቆላ ሌሊት እጇን ዘርግታ መኪና የምታስቆም ሴት፣ ሹፌሩ ዞር ብሎ ሲያያት እግሯ የአህያ ኮቴ ሆኖ ያገኘዋል። ሰው የሚመስል ጅብ። በተዘጋ ክፍል የሚያስል እንግዳ። ከነዚያ ሹፌሮች የተሻለ አስፈሪ ወሬ አውጊ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ የት ላይ ዝም እንደሚሉ ያውቁ ነበር።

እውነተኛው ፍርሃት ግን ሌላ ነበር። በየወሬው መሃል አንዱ ብድግ ይልና ወደ ጨለማው ጆሮውን ይሰጣል። ጠዋት ከቱርሚ የተነሳች መኪና አልገባችም። ከስኬ ያዛት ወይስ ወሰዳት? መልስ የሚሰጥ ሰው የለም። መብራት ከሩቅ ብልጭ ሲል ቤቱ በሙሉ ወደ በር ይወጣል። አስፈሪ ወሬ የሚጥመው ሰሚው ሁሉ ከቤት ሲሆን ነው፤ የጎደለ ሰው ካለ አፍ ይይዛል።

በነሐሴ 1998 ወሬው ጨርሶ ቆመ። በሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ በጎርፍ ተመትታ ገና ሐዘን ላይ ሳለን፣ ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች አገር ገባ። ዳሰነቾች ሙላትን ለዘመናት ኖረውበታል፤ ውሃው ሲሸሽ በተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ። ያን ዓመት የመጣው ግን ከለመዱት ሁሉ በለጠ። ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከብቱ አለቀ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ በውሃ ተከበው ቀሩ። ያቺን የኮቴ ሴት ከዚያ በኋላ ማንም ሲያነሳት አልሰማሁም።

አሁን ኮንሶና ጂንካን አስፋልት ያገናኛቸዋል፤ አውሮፕላኑም ከከተማው ውጭ በተሠራ ማረፊያ ያርፋል። በታኅሣሥ 2009 የተመረቀው ጊቤ ሦስት ግድብ ኦሞን ከላይ ስለያዘው ዓመታዊው ሙላት እንደ ድሮው መሆኑ ቀርቷል፤ በደለሉ ይዘራ የነበረውም ማሽላ አብሮ ተጎድቷል፤ ይህ ለዳሰነች ቀላል ነገር አይደለም።

ያንን አልቤርጎ በአማርኛ ልብ ወለድ ላነበው እመኛለሁ። ደራሲው ሙት መንፈስ መፈለግ የለበትም፤ ከስኬና አንዲት ያልገባች መኪና ይበቁታል። ዘመኑን ግን ሞባይል ከመምጣቱ በፊት ያድርገው። ዛሬ ሹፌሩ ማዶ ቆሞ ይደውልና «ደህና ነን፣ ውሃው ሲጎድል እንሻገራለን» ይላል።