የመዝገቡ ሕመምተኞች

ማስተማር የጀመርኩት ሕፃናት አምባ ነው፤ አላጌ፣ በ1970ዎቹ ውስጥ። በሶማሊያ ወረራና በሰሜኑ ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ የወታደር ልጆች እዚያ በአዳሪነት ያድጉ ነበር። እንደነሱ ካሉት መካከል ኩባ ተልከው በወጣቶች ደሴት የተማሩም አሉ። የኛዎቹ በሰልፍ ይበላሉ፣ በሰልፍ ክፍል ይገባሉ። ስም ስጠራ የሚጎድል የለም፤ የታመመ ቢኖር እንኳ ክሊኒክ መሆኑ ቀድሞ ይነገረኛል። ለጀማሪ መምህር እንዲህ ያለ ክፍል ከየት ይገኛል? ሳልደብቅ ልናገርና ሥርዓቱን ወድጄው ነበር። ሌሊት የትኛው ልጅ አባቱን እየጠራ እንደሚባንን የሚያውቁት ሞግዚቶቹ ናቸው። እኔ የማውቃቸው ከደወል እስከ ደወል ነው።

ከዚያ ከፋ ክፍለ ሀገር፣ ሚዛን ተፈሪ ተመደብኩ።

መስከረም ላይ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ጥቅምት ሲገባ ወንበሮቹ ተራ በተራ ባዶ ሆኑ። ቡና ደርሶ ነበር። ከሩቅ የቤንች መንደሮች የመጡት ተማሪዎቼ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ጎደሬና ቆጮ ተሸክመው እየመጡ የሚማሩ ናቸው። ኪራዩም ደብተሩም ሸራ ጫማውም የሚወጣው ከቡና ነው። የወላጆቹን የሚለቅም አለ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ በበቃ የመንግሥት እርሻ በኪሎ እየተከፈለው የሚለቅም አለ። አንድ ሳምንት ለቅሞ መመለስ ደግሞ አይሆንም። ፍሬው ባንድ ጊዜ አይቀላም፤ ዛሬ የተለቀመው ዛፍ ከቀናት በኋላ እንደገና ይለቀማል፣ አረንጓዴው ከቀዩ ከተቀላቀለ ዋጋው ይወድቃል፣ የዘገዩበት ደግሞ መሬት ላይ ይረግፋል። እንግዲህ ያለ ቡና መማር የለም፣ ቡናው ደግሞ ከትምህርት ያስቀራል።

እኔ የአላጌ ልጅ፣ ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ብዙ ቀን የቀረ ይሰረዛል፤ ደንቡ ነው። በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ጋሼ የምንለው የጎረቤት ክፍል መምህር ከትከሻዬ በላይ አየና፣ «ስሙን ከዚህ ስታወጣው የት እንደሚገባ ታውቃለህ?» አለኝ።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ነው። ቀበሌዎች ኮታ ነበረባቸው፤ ኮታው ካልሞላ አፈሳ ነው። በዚያ አገር ትምህርት ዘግይቶ ስለሚጀመር ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ጢም ያበቀሉ ተማሪዎች ነበሩኝ። ተማሪ መሆኑ በመዝገብ የታወቀ ልጅ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። የተሰረዘው ግን ሥራ ፈት ጎረምሳ ነው።

ያን ቀን ትዝ ያሉኝ የአምባ ልጆች ናቸው። ከአባቶቻቸው ብዙዎቹ በ1969 ከየገበሬ ማኅበሩ ተመርጠው፣ ታጠቅ ጦር ሠፈር ጥቂት ወር ሠልጥነው የዘመቱ ሚሊሺያ ነበሩ። የእነሱንም ስም አንድ ሰው በእስክሪብቶ ጽፎታል፤ ምናልባትም እንደኔ እጀ ጽሑፉ የሚያምር፣ ደንብ አክባሪ ሰው።

ከዚያ ወዲያ መዋሸት ጀመርኩ። በእያንዳንዱ የቀረ ልጅ ስም ፊት «ታሟል» ብዬ ጻፍኩ። ርዕሰ መምህሩ አይቶ ዝም አለ። የሚመለሱትን ማታ ማታ በፋኖስ ያመለጣቸውን እናስተምር ነበር፤ አከራዮቻቸው የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ሚጥሚጣ ጋር አፍልተው ያመጡልናል፤ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ እንቅልፍም ያባርራል። በነዚያ ማታዎች የማን አባት እንደሞተ፣ የማን ወንድም እንደታፈሰ አወቅሁ። አላጌ ሳለሁ ጠይቄ የማላውቀውን ነው።

ጥር ላይ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። መዝገቤን ገልጦ በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወረደ።

«ይህ ሁሉ ልጅ ምን ያዘው?»

«ወባ ነው፣ ጓድ» አለ ርዕሰ መምህሩ ፈጠን ብሎ። እውነት አለው፣ በበቃ የወባ አገር ነው።

«ታኅሣሥ ሲያልቅ ሁሉም ባንድ ጊዜ ዳኑ?»

መልስ የሰጠው የለም። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገና፣ «ለመሆኑ ዘንድሮ እሸት ቡና ኪሎው ስንት ገባ?» አለ። ርዕሰ መምህሩ ነገረው። «ደህና ነው፤ ካምናው ይሻላል» ብሎ ፈረመና መዝገቡን መለሰልኝ።