ኪዮቶ ቀድማ፣ ቶኪዮ ተከትላ

ስሙኝማ፣ ጃፓንን በአንድ ሳምንት ለማየት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ ይጀምራል። በግራ «ጥንታዊ» ይልና ኪዮቶንና ናራን ይጽፋል፤ በቀኝ «ዘመናዊ» ይልና ቶኪዮንና ኦሳካን። ሦስት ቀን ለዚህ፣ ሦስት ቀን ለዚያ፣ ሰባተኛው ለግዢ። ሲያዩት ያምራል። ችግሩ፣ ከተሞቹ ለዚህ ወረቀት አይታዘዙም።

እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳንደናገር። ኪዮቶ ከ794 ጀምሮ ከሺህ ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። ጥንትን ፍለጋ ከባቡር ስትወርዱ የሚቀበላችሁ ግን በ1997 የተመረቀ፣ ብረትና መስተዋት የሆነ ግዙፍ ጣቢያ ነው። ፎቶው በየቦታው የተለጠፈው ወርቃማው ቤተ መቅደስ ኪንካኩጂ በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ እሳት ለቆበት ወድሟል፤ ዛሬ የምታዩት በ1955 ተሠርቶ ያለቀው ነው። የኦሳካ ግንብ ከሩቅ ሲያዩት የሳሙራይ ዘመን ይመስላል፤ አካሉ ግን የ1931 ኮንክሪት ነው፣ አሳንሰርም አለው። ወደ «ዘመናዊቷ» ቶኪዮ ስትሻገሩ ደግሞ አሳኩሳ ላይ ሴንሶጂን ታገኛላችሁ፤ የከተማዋ አንጋፋ ቤተ መቅደስ ነው። ዋናው አዳራሹ በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጥሎ በ1958 እንደገና የቆመ ነው።

ታዲያ ጎብኚው ተታለለ ማለት ነው? ኧረ በፍጹም። የእንጨት አገር ነው፤ እንጨት ይበሰብሳል፣ ይቃጠላል። በኢሴ ያለውን ትልቁን የሺንቶ መቅደስ ጃፓኖች በየ20 ዓመቱ ከጎኑ ባለው ቦታ ላይ እንደ አዲስ ይሠሩታል፤ የመጨረሻው በ2013 ነበር። የዛሬው አናጢ በእጁ ይዞ ያስተማረው ልጅ የሚቀጥለውን ይሠራል። ስለዚህ «ጥንታዊ ቀን» እና «ዘመናዊ ቀን» የሚለውን ክፍፍል ተዉትና ሁለት ነገር ብቻ ወስኑ፦ የት እንደምታድሩ፣ በየትኛው ሰዓት የት እንደምትገኙ። ሌላው ራሱ ይስተካከላል።

መጀመሪያ አዳሩን እንጨርስ። ለአንድ ሳምንት ሁለት ማደሪያ ይበቃል፤ ኪዮቶና ቶኪዮ። ናራ ከኪዮቶ በባቡር 45 ደቂቃ ያህል ናት፤ ኦሳካ ግማሽ ሰዓት። በየቀኑ ሻንጣ እየጎተቱ ሆቴል መለወጥ ቀን መብላት ነው። ሻንጣው ራሱ በፈጣኑ ባቡር፣ በሺንካንሰን፣ ሕግ አለው፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ማስቀመጫ ያለው ወንበር አስቀድማችሁ መያዝ አለባችሁ።

የቱን እናስቀድም? ኪዮቶን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል የሚያደርሳችሁ ናሪታ ነው፤ የምትመለሱትም ከዚያው። ናሪታ ከቶኪዮ መሐል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች ኪዮቶ ያደረገ ሰው በመመለሻው ቀን ሲሯሯጥ ይውላል። የገባችሁ ዕለት ቶኪዮ አንድ ሌሊት ዕረፉ፣ በማግሥቱ ወደ ኪዮቶ፣ በስድስተኛው ቀን ተመለሱ።

ይህን ሁሉ በጽሑፍ ማስቀመጥ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤት ግዴታም ነው። ከቪዛ ማመልከቻው ጋር የየቀኑን ውሎና አዳር የሚዘረዝር ቅጽ ይሞላል፤ «እዚያ ስደርስ አስብበታለሁ» ብሎ ነገር የለም። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዛችሁ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አትጠየቁም፤ እናንተ ሳታቅዱ ልትሄዱ ትችላላችሁ፣ አልመክራችሁም እንጂ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ጃፓን ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ፦ የእጅ ሰዓታችሁን በሐበሻ አቆጣጠር የምትሞሉ ከሆነ ቶኪዮ ስትወርዱ አትንኩት፤ ልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲል የቶኪዮ የግድግዳ ሰዓትም ሦስት ነው የሚለው፣ የነሱ ከቀትር በኋላ ሆኖ። ሰዓቱ ይስማማ እንጂ ሰውነታችሁ አይስማማም። ኪዮቶ ላይ ሲነጋ ለአዲስ አበባ ሰው እኩለ ሌሊት ነው፤ ከአልጋ የሚያስነሳው የለም። ማታ ግን ዓይኑ እንደፈጠጠ ነው። ከአሜሪካ የመጣው የአክስቱ ልጅ ደግሞ የተገላቢጦሽ፤ ማታ ሳህኑ ላይ እያንቀላፋ ገና ሳይነጋ ይነሣል።

ዕቅዳችሁ ይህን ይጠቀምበት። የኪዮቶው የሺንቶ መቅደስ ፉሺሚ ኢናሪ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው፣ መግቢያም አይከፈልበትም፤ ከኪዮቶ ጣቢያ በባቡር ሁለተኛው ፌርማታ ነው። 233 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ የሚያዳርሱ አሥር ሺህ ያህል ቀያይ የእንጨት በሮች አሉበት። በቀን ሰው ከሰው እየተጋፋ ያልፋል። ከአዲስ አበባ የመጣችሁ በመጀመሪያው ምሽት ሂዱ፤ ከአሜሪካ የመጣችሁ ጎህ ሲቀድ። ስትወጡ በሮቹ ባዶ ቀለም ናቸው። ስትወርዱ በየምሰሶው ጀርባ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ጽሑፍ ታያላችሁ፤ በሩን ያቆመው ነጋዴ ወይም ድርጅት ስምና ቀኑ ነው። ኢናሪ የሩዝና የገበያ አምላክ ስለሆነ ንግዱ የቀናው ያቆማል፤ የበሰበሰው ይነሣል፣ ሌላው ይተካል። ከጥንት የመጣው መንገድ እንዲህ ሁልጊዜ እየታደሰ ይኖራል።

ኪዮሚዙደራ የተባለው ቤተ መቅደስም የማለዳ ቦታ ነው። ገደል ላይ ያንዣበበው የእንጨት መድረክ በ1633 የተሠራ ሲሆን፣ 13 ሜትር የሚደርሱት ምሰሶዎች ያለ ምስማር ነው የተገጣጠሙት። ከዚያ በእግር ወደ ጌሻዎቹ ሰፈር፣ ወደ ጊዮን፣ ስትወርዱ የምትገቡበትን ቅያስ አስተውሉ፤ ጎብኚ ጌሻዎቹን እያሳደደ ስላስመረራቸው በ2024 የግል የሆኑ ጠባብ መንገዶች ተዘግተዋል። ቅጣቱ 10,000 የን ነው።

ናራ ሙሉ ቀን ይገባታል። ከኪዮቶ በፊት፣ ከ710 እስከ 784፣ ዋና ከተማ የነበረችው እሷ ናት። ቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ውስጥ በ752 «ዓይን የመግለጥ» ሥርዓት የተደረገለት፣ 15 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የነሐስ ቡድሃ ተቀምጧል። ደጅ ያሉት አጋዘኖች ብስኩት ስታሳዩዋቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው እጅ ይነሣሉ፤ ካልሰጣችኋቸው ልብሳችሁን ይጎትታሉ። ወረቀትም ስለሚበሉ የጉዞ ዕቅዳችሁን ኪሳችሁ ክተቱት። ከሰዓት በኋላ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ተጉዛችሁ ሆርዩጂ ቤተ መቅደስ ድረሱ። ሰው ሁሉ ናራ ላይ ጨርሶ ስለሚመለስ እዚያ ጭር ይላል። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከቆሙት የእንጨት ሕንጻዎች የሆርዩጂዎቹን የሚቀድም የለም፤ የሰባተኛው ክፍለ ዘመን እንጨት በዓይናችሁ ታያላችሁ። «የእውነት ያረጀ ነገር አሳዩኝ» የሚል ሙግተኛ ካላችሁ እሱን ይዛችሁ የምትሄዱት እዚህ ነው።

ኦሳካን ለምሽት አስቀምጧት፤ የምግብ ሰፈሯ ዶቶንቦሪ የሚደምቀው መብራቱ ሲበራና ምጣዱ ሲግል ነው። ተንቀሳቃሽ ደረጃው ላይ የቶኪዮ ሰው በግራ ሲቆም የኦሳካ ሰው በቀኝ ይቆማል፤ አይታችሁ ተከተሉ። ጾመኞች ግን ተጠንቀቁ፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ብዙውን ጊዜ በደረቀ ዓሣ የተቀቀለ ነው። ለእናንተ የኪዮቶ መነኮሳት ምግብ፣ ሾጂን ርዮሪ፣ አለላችሁ፤ ሥጋም ዓሣም አይነካውም።

ሂሮሺማስ? ከኪዮቶ በሺንካንሰን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከሄዳችሁ ሙሉ ቀን ስጡት፣ ከቶኪዮው ላይ ቀንሳችሁ። ኦገስት 1945 አቶሚክ ቦምቡ የወደቀበትን ቦታ ከምሳ በፊት አይቶ ማታ ዶቶንቦሪ መገኘት አይሆንም። ኪዮቶም ራሷ በዒላማ ዝርዝሩ ውስጥ ነበረች፤ ያስወጣት የአሜሪካ የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ነው። ቶኪዮ ተቃጥላ ኪዮቶ የተረፈችበትን ምክንያት ሳያውቁ መጎብኘት ጎዶሎ ነው።

ስለ ባቡር ቲኬት ቶሎ ልበልና ልለፍ። የሰባት ቀኑ የጎብኚዎች ማለፊያ በኦክቶበር 2023 ከ29,650 ወደ 50,000 የን ዘሏል። ከቶኪዮ ኪዮቶ አንድ ጉዞ 14,000 የን ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ እንኳን ማለፊያውን አይሞላም፤ ነጠላ ቲኬት ግዙ። ወደ ኪዮቶ ስትሄዱ በስተቀኝ የመስኮቱን «ኢ» ወንበር ያዙ፤ ሰማዩ ከፈቀደ ከተነሣችሁ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ላይ ፉጂ ተራራ ይታያል።

ይህ የባቡር መስመር የተከፈተው ኦክቶበር 1 ቀን 1964 ነው። ከ20 ቀን በኋላ ሻምበል አበበ ቢቂላ እዚያው ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒኩን ማራቶን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈውት ነበር። በ2:12:11 ገብቶ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያየው ሕዝብ ማመን አቃተው። የሮጠበት ስታዲየም በ2015 ፈርሶ አዲሱ በዚያው ቦታ በ2019 ተጠናቋል፤ እንደ ኪንካኩጂ መሆኑ ነው። መንገዱ ግን አለ። ኮሹ ካይዶ ይባላል፤ ቶኪዮ ኤዶ በምትባልበት ዘመን ከከተማዋ ከሚወጡት አምስት አውራ ጎዳናዎች አንዱ ነበር፣ ዛሬም መኪና ይርመሰመስበታል። የመጨረሻውን ቀን ጠዋት ለሱ ስጡ። ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዛችሁ ቶቢታክዩ ስትወርዱ፣ ቾፉ ላይ ሯጮቹ የዞሩበትን ቦታ የሚያመለክት ድንጋይ ቆሟል። ጥንታዊ ነው ዘመናዊ? እናንተው ፍረዱ።

ስትመለሱ ሺንጁኩ ትገባላችሁ፤ በቀን ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚያስተናግድ፣ ከ200 በላይ መውጫ ያለው ጣቢያ ነው። ገበያ ለመውጣት ከተለያያችሁ የመውጫውን ስም ቆርጣችሁ ተነጋገሩ። «ሺንጁኩ እንገናኝ» ብቻ ብሎ የሄደ ባል ሚስቱን የሚያገኛት ናሪታ ላይ ነው።